በአውቶሞቢል ፕላስቲክ ላይ ስለሚቀረው የውኃ ነጠብጣብና ስለ ማስለቀቂያው

በድሬዳዋ ከተማ አንድ አውቶሞቢል ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ፥ ቀለም የተቀባው ገላው ያበራል፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ ግን፥ ይኸውም ፓራውልቱ፥ የስፖኪዮው ሽፋንና በጎማዎቹ ዙሪያ ያለው ጌጥ፥ ነጫጭ ነጠብጣብ ለብሶ ይታያል። ባለቤቱም ይህን ባየ ጊዜ አጣቢውን ልጅ «በሚገባ አላጠብኸውም» ብሎ ይቆጣዋል፤ ከዋጋው የሚቀንስበትም አለ። እኔ እንደማምነው ግን በአብዛኛው ጊዜ ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የውኃው ነው፤ ይህንንም በኬሚስትሪ ከተማርነው ጋር እያገናዘብሁ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ዝናብ ከሰማይ ሲወርድ ከሞላ ጎደል ንጹሕ ነው። ነገር ግን በአየር፥ ይልቁንም በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆናል። ይህ ውኃ የኖራ ድንጋይ ባለበት ምድር ሲሰርግ ድንጋዩን ጥቂት በጥቂት እያሟሟ ካልሲየም ባይካርቦኔት የሚባለውን ነገር ተሸክሞ ይሄዳል። በአካባቢያችን የኖራ ድንጋይ መብዛቱን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ የተተከለልን ስለዚሁ ድንጋይ ነው። ውኃችንም ከከርሰ ምድር የሚቀዳ ስለ ሆነ ከድንጋዩ ድርሻውን ይዞ ይመጣል። እናቶቻችን ከሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እየፋቁ የሚያወጡት ነጭ ቅርፊት ያው ኖራ ነው፤ በመኪናው ላይ የሚቀረውም ከእርሱ የተለየ አይደለም። ውኃው ሲተን ጋዙ አብሮት ይሄድና፥ ይሟሟ የነበረው ባይካርቦኔት የማይሟሟ ካርቦኔት ሆኖ ይቀራል። ሳሙና ይህን አያነሣውም፤ ሳሙና የሚያነሣው ቅባትና አቧራ ነው።

ነጠብጣቡ ብዙ ጊዜ መካከሉ ሳስቶ ዙሪያው እንደ ቀለበት የሚነጣበት ምክንያት አለው። ጠብታው በዳር በኩል ፈጥኖ ይደርቃል፤ የጎደለውን ለመሙላት ውኃው ከመካከል ወደ ዳር ይፈስሳል፤ የያዘውንም እየጎተተ በዳር ያከማቻል። ከሲኒ ሥር የሚቀረው የቡና ቀለበት የሚሠራውም እንዲሁ ነው። ቡና የጠጣ ሰው ሁሉ ይህን ቀለበት ሲያየው የኖረ ሲሆን፥ የሺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ምክንያቱን አጣርተው ያወጡት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. መሆኑ ይገርማል።

ታዲያ ፕላስቲኩ ከቀለሙ ይልቅ የሚጎዳው ለምንድን ነው? ቀለም የተቀባው ብረት ከላዩ ለስላሳ ሽፋን ስላለው ኖራው የሚሸሸግበት ጉድጓድ አያገኝም። ጥቁሩ ፕላስቲክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ነው፤ ቀለምም አይቀባም፥ ጥቁረቱ በውስጡ ከተደባለቀው ጥላሸት የመጣ ነው። ፊቱ ሆን ተብሎ እንደ ቆዳ ሸካራ ስለሚደረግ ኖራው በጥቃቅኖቹ ጉድጓዶች ውስጥ ይገባል። ከዚህም በላይ ፖሊፕሮፒሊን ውኃ አይስማማውም፤ ውኃው ተዘርግቶ በመፍሰስ ፈንታ እየተድበለበለ ይቆማል፥ እያንዳንዱም ጠብታ በቆመበት ይደርቃል።

አንድ የሚያታልል ነገር አለ። በነጠብጣቡ ላይ ውኃ ሲፈስበት ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ኖራው ነጭ ሆኖ የሚታየው ብርሃን በቅንጣቶቹና በመካከላቸው ባለው አየር ምክንያት ስለሚበተን ነው፤ በአየሩ ቦታ ውኃ ሲገባ ግን ብርሃኑ ብዙ ሳይበተን ያልፍና ከሥር ያለው ጥቁር ይታያል። አንዳንድ ሰዎች ፕላስቲኩን በናፍጣ ወልውለው «ዳነ» የሚሉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ናፍጣው ኖራውን ሸፈነው እንጂ አላነሣውም፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ ሲለቅ ነጩ ይመለሳል፥ እስከዚያም አቧራ ሲሰበስብ ይሰነብታል፤ በአጠገቡ ያለውንም ጎማ ሊያሳብጥ ይችላል። ስለዚህ ሥራውን መመርመር የሚገባው ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ብቻ ነው።

ነጭ ሁሉ ደግሞ ኖራ አይደለም። ለቀለሙ የተቀባው ሰም ወደ ፕላስቲኩ አልፎ እንደ ሆነ በሸካራው ውስጥ ደርቆ ይነጣል፤ ይህ በሞቀ የሳሙና ውኃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይለቃል። ፀሐይ ለዓመታት የመታው ፕላስቲክ ደግሞ ገጽታው ተቃጥሎ በሙሉ አመድማ ይሆናል፤ እርሱ እድፍ ሳይሆን የፕላስቲኩ መበላሸት ነውና የሚታጠብ አይደለም። ለመለየት በማይታይ በኩል አንድ ነጠብጣብ ላይ አቼቶ አድርጎ አምስት ደቂቃ መጠበቅ፥ ከዚያ ማጠብና ማድረቅ ነው። ደርቆም ነጩ ካልተመለሰ ኖራ ነበረ ማለት ነው።

አሁን ወደ ማስለቀቂያው እንምጣ። መኪናው ጥላ ሥር ቆሞ ይቀዝቅዝ፤ ይህ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ነው፥ ትኩስ ፕላስቲክ ላይ የፈሰሰ ሁሉ ሥራውን ሳይሠራ ይደርቃልና። አስቀድሞ አሸዋውና አቧራው በሳሙና ይታጠብ። ከዚያ አንድ እጅ አቼቶ በአንድ እጅ ውኃ ቀላቅሎ፥ ጨርቅ በዚያ ነክሮ፥ በነጠብጣቡ ላይ እንደ ፋሻ ማልበስና እንዳይደርቅ እያረጠቡ ከአምስት እስከ ዐሥር ደቂቃ ማቆየት ነው። ኋላ በለስላሳ ብሩሽ ቀስ ብሎ አሽቶ በብዙ ውኃ ማጠብ። ፈሳሹ ዐይን ውስጥና ባዶ ብረት ላይ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ በሲሚንቶ ወለል ላይም ቢንጠባጠብ ቶሎ ማጠብ ይገባል፥ ወለሉም ኖራ አለበትና። ሎሚም እንደዚሁ ይሠራል፤ ነገር ግን ሥጋው እንዳይቀር መጠለል አለበት፥ ዋጋውም ውድ ነው።

አቼቶው ብዙ መሆን አለበት የሚል ሰው ቢኖር ይህን ሒሳብ ይመልከት። በአንድ ሊትር 300 ሚሊግራም ኖራ ያለበት ውኃ እጅግ ጠጣር ከሚባለው ነው፤ ከ180 በላይ ያለው ሁሉ እንዲህ ይባላልና። ከእጥበት በኋላ በመኪናው ላይ ግማሽ ሊትር ቀርቶ ደረቀ ብንል የሚተርፈው ኖራ 150 ሚሊግራም ብቻ ነው። በመቶ አምስት እጅ አሲድ ያለበት አቼቶ 10 ሚሊሊትር፥ ይኸውም አንድ ትልቅ ማንኪያ የማይሞላ፥ 400 ሚሊግራም ያህል ኖራ ማሟሟት ይችላል። እንግዲህ የሚያስፈልገው ብዛት ወይም ብርታት ሳይሆን ጊዜ ነው። የብዙ እጥበት ኖራ ተደራርቦ እንደ ሆነ ጨርቁን ሁለትና ሦስት ጊዜ መደጋገም ይበቃል።

ትዕግሥት ያጣ ሰው የሚያደርጋቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱም ጎጂ ናቸው። የመጀመሪያው በሽቦ፥ በአመድ ወይም በአሸዋ መፈተግ ነው፤ ኖራው ከሸካራው ጋር አብሮ ይነሣል፥ ሸካራው ግን ዳግመኛ አይበቅልም፤ ቦታው ለዘለዓለም እያንጸባረቀ ይኖራል። ሁለተኛው በረኪና ነው። በረኪና አሲድ ስላይደለ ኖራን አያሟሟም፤ ከአቼቶ ጋር የተቀላቀለ እንደ ሆነ ግን ክሎሪን የተባለውን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል፤ በአንድ ባልዲ ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኝ ሳንባውን ያቃጥላል። በየላቫጆው በረኪናና አቼቶ ጎን ለጎን የሚቀመጡ ከሆነ ይህን ለልጆቹ መንገር የባለቤቱ ግዴታ ነው። ሦስተኛው የባትሪ አሲድ ነው። አደገኛነቱ ይታወቃል፤ የማይታወቀው ከንቱነቱ ነው፤ ሰልፈሪክ አሲድ ኖራውን ወደ ጂፕሰም ይለውጠዋል፥ ጂፕሰምም በውኃ በቀላሉ ስለማይሟሟ አንዱ ነጭ በሌላ ነጭ ተተካ ማለት ነው።

እንዳይመለስ ለማድረግ ውኃው ሳይደርቅ በፎጣ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ውኃው በፎጣው ሲሄድ ኖራውም አብሮ ይሄዳል። ለመጨረሻው ማለቅለቂያ የዝናብ ውኃ ከተገኘ እሰየው። ያለዚያም ውኃ አፍልቶ፥ አቀዝቅዞና አዝቅጦ ከላይ ከላዩ መጠቀም ይቻላል፤ በሚፈላበት ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሚወጣ ብዙው ኖራ በድስቱ ሥር ይቀራል። ለመላው መኪና ማፍላት የማገዶ ብክነት ነው፤ ለፕላስቲኩ ብቻ ግን ሁለት ሊትር ይበቃል።

በአንዳንድ ውኃ ውስጥ ከኖራው ሌላ ሲሊካ የሚባል አለ፤ ይህም የብርጭቆ ዘመድ ስለ ሆነ አቼቶ አያሟሟውም። ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ የማይለቅ ስስ ነጭ ጥላ ቢቀር ከእርሱ ጋር መታገል ትርፉ ፕላስቲኩን መቧጨር ነው፤ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ለፕላስቲክ ተብሎ የተሠራውን ማጥቆሪያ ቅባት በስሱ መቀባት ይሻላል፤ ከናፍጣ ይልቅ ይቆያል፥ ጎማውንም አይጎዳም።