በዘፈኖች መካከል የሚሰማው ዝምታ ከየት ይመጣል?

በመድረክ ላይ የተቀዳ ሙዚቃ ከሲዲ ወደ ኤምፒ3 ቀይረን ስናዳምጥ አንድ ነገር ጆሯችንን ይቆረቁረዋል። በሲዲው ላይ ከዘፈን ወደ ዘፈን ሳይቋረጥ ይሰማ የነበረው ጭብጨባ በየመሸጋገሪያው ለቅጽበት ጸጥ ይላል። ብዙዎቻችን በማጫወቻው ላይ እናሳብባለን። ማጫወቻው ድርሻ ቢኖረውም፣ የችግሩ ሥር ግን በፋይሉ አሠራር ውስጥ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ በቀላል ስሌት እንመለከታለን።

ሲዲ የአንድን ሰከንድ ድምፅ በ44,100 ናሙናዎች ይመዘግባል። ኤምፒ3 ደግሞ ናሙናዎቹን 1,152 እያደረገ «ፍሬም» በሚባል ክፍል ያሽጋቸዋል። አንድ ፍሬም 26 ሚሊሰከንድ ያህል ሲሆን፣ ከፍሎ መጠቀም አይቻልም። ልክ ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ ዘፈን 7,938,000 ናሙናዎች አሉት። ይህ ለ1,152 ሲካፈል 6,890.625 ይሆናል። ውጤቱ ሙሉ ቁጥር ስላልሆነ የመጨረሻው ፍሬም ቀሪ ቦታ በዝምታ ይሞላል።

በዘፈኑ መጀመሪያ ላይም ዝምታ ይጨመራል። ድምፁን ለመተንተንና መልሶ ለመገንባት የሚያገለግለው ስሌት መዘግየትን ያስከትላልና። ሌም የተባለው ታዋቂ መቀየሪያ ፕሮግራም 576፣ ፋይሉን የሚፈታው ፕሮግራም ደግሞ በተለምዶ 529 ናሙናዎች ያዘገያሉ። በዚህ ምክንያት ዘፈናችን ቢያንስ 6,892 ፍሬሞች ያስፈልጉታል። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው የሚገኘው ትርፍ በድምሩ 1,584 ናሙና፣ ማለትም 36 ሚሊሰከንድ ያህል ነው። መጠኑ ኢምንት ቢመስልም፣ ባልተቋረጠ ድምፅ መካከል ሲገባ ጆሮ በቀላሉ ይለየዋል።

መፍትሔው ምንድን ነው? ሌም የተጨመረውን የናሙና ብዛት በፋይሉ መግቢያ ላይ ይጽፋል፤ ይህን የሚያነብ ማጫወቻም ትርፉን ቆርጦ ይጥላል። ፍላክ የተባለው የፋይል ዓይነት ደግሞ ከድምፁ ምንም ሳይቀንስ ትክክለኛውን የናሙና ብዛት ስለሚይዝ ከዚህ ችግር ነፃ ነው።

ልንጠነቀቅበት የሚገባው ግን ኤምፒ3ን ዳግመኛ ወደ ሌላ ዓይነት ስንቀይር ነው። መቀየሪያው የመግቢያውን መረጃ ካላነበበ ዝምታው የዘፈኑ አካል ሆኖ ይቀራል፤ የትኛው ትርፍ፣ የትኛው ሙዚቃ እንደሆነ የሚናገር መረጃም አይኖርም። ስለሆነም የማኅሌት ወይም የአዝማሪ ምሽት ረጅም ቅጂ ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር የምናስገባ ሁሉ፣ በቅድሚያ ሳንቆራርጥ በፍላክ እናስቀምጠው። ዋናው ቅጂ በእጃችን እስካለ ድረስ ስሕተትን ማረም ይቻላል።