ዋሻ ውስጥ ፊልም ከመቅረጻችሁ በፊት፦ ከሶፍ ዑመር የምንማረው ሳይንስ

ጀሞ፣ ለቡ ወይም ላፍቶ የምትኖሩ ከሆነ፣ ከጓደኞቻችሁ ጋር ብር አዋጥታችሁ አጭር ፊልም ለመሥራት አስባችሁ ይሆናል። ድርሰቱ አልቋል፣ ካሜራው ተገኝቷል፣ አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል፦ ዋሻ። ታዲያ እዚሁ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ መፈለግ ያዋጣል?

አዲስ አበባ ለምን ትልቅ ዋሻ የላትም?

መልሱ ከእግራችሁ በታች ነው። ከተማችን የተሠራችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል የምታዩት የፉሪ ተራራም የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ባዛልትን የመሰለ ድንጋይ ደግሞ በዝናብ ውኃ በቀላሉ አይሟሟም። ትንሹ አቃቂ ድንጋዩን ይቦረቡረዋል፣ ሸለቆም ይሠራል፤ ረጅም ዋሻ ግን አያወጣለትም።

የኖራ ድንጋይ ጉዳይ ሌላ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወስድና ቀለል ያለ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። ለስላሳ መጠጥ ምላስ ላይ የሚቆነጥጠን በዚሁ አሲድ ነው። ይህ ውኃ በስንጥቅ እየገባ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ስንጥቁ ቱቦ፣ ቱቦው መተላለፊያ፣ መተላለፊያው አዳራሽ ይሆናል።

በአገራችን የዚህ ትልቁ ምሳሌ ባሌ ውስጥ፣ ከሮቤ ከተማ በስተምሥራቅ የሚገኘው ሶፍ ዑመር ነው። ከባሌ ተራሮች የሚነሳው የወይብ ወንዝ ዋሻው ውስጥ ገብቶ ያልፋል። የተለካው መተላለፊያ በጠቅላላው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሆን በኢትዮጵያ ከሚታወቁት ዋሻዎች ሁሉ ረጅሙ ነው። ጎብኚ አፉን ከፍቶ የሚያያቸው ግዙፍ ምሰሶዎች አንድ በአንድ የተገነቡ አይደሉም፤ ውኃው ዙሪያቸውን በልቶ የተዋቸው ናቸው። ስለዚህ አንዱ ቢሰበር ተመልሶ አያድግም።

መብራቱ ሲበራ ምን ይፈጠራል?

ከመግቢያው ራቅ ያለ የዋሻ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ እምብዛም አይለዋወጥም፤ ጨለማና እርጥብ ነው። እስቲ አሁን ቀረጻ አስገቡበት። አርፎ የተቀመጠ አንድ ሰው 100 ዋት ገደማ ሙቀት ይለቃል። ባለ 1,000 ዋት የድሮ ሃሎጅን መብራት ደግሞ አሥር ሰው የመጨመር ያህል ያሞቃል። ሙቀቱ እርጥበቱን ያዛባል፤ ብርሃኑ ደጋግሞ ከበራ ደግሞ በጨለማ ሊኖር የማይችለው አልጌ ግድግዳው ላይ ይበቅላል።

ትንፋሻችንም አለ። የምናስወጣው አየር ከውጪው አየር 100 እጥፍ ገደማ የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዟል። ይህ ጋዝ ከእርጥበት ጋር ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ያንኑ ዋሻውን የቦረቦረውን አሲድ ይሠራል። ወንዝ በሚያልፍበት ሰፊ አዳራሽ ነፋሱ ቶሎ ያጸዳዋል፤ በጠባብ የጎን ክፍል ግን ይከማቻል።

ይህ ተረት አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ የሚገኘው የላስኮ ዋሻ በጥንት ሥዕሎቹ ዝነኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በቀን ከ1,000 በላይ ሰው ይጎርፍበት ጀመር። አረንጓዴ አልጌ በመታየቱና ትንፋሹ ጉዳት በማድረሱ በ1963 ተዘጋ። አሁን ጎብኚ የሚያየው ቅጂውን ነው።

የቤቱ ባለቤቶች

ሶፍ ዑመር ውስጥ የሌሊት ወፎች አሉ። አብዛኞቹ የሌሊት ወፍ ዝርያዎች በአንድ ጊዜ የሚወልዱት አንድ ብቻ ነው። በጩኸትና በብርሃን ተደናግጣ እናቲቱ ስትበር ግልገሏ ልትወድቅ ትችላለች፤ ከወደቀች ደግሞ መትረፏ ያጠራጥራል።

ለእናንተም አደጋ አለው። የደረቀ ኩሳቸው ሲቦን ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊኖረው ይችላል። ኡጋንዳ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ፍራፍሬ በል የሌሊት ወፎች የሞሉበት ዋሻ የጎበኘች አንዲት ኔዘርላንዳዊት በማርበርግ ቫይረስ ሞታለች። ሁሉም የሌሊት ወፍ ይህን ቫይረስ አይሸከምም። ቢሆንም የሰፈሩበት ጥግ አትጠጉ፣ አትንኩ፣ አቧራ አታስነሱ።

ጎርፉንም አትርሱ። ዋሻው አፍ ላይ ፀሐይ እየወጣ ባሌ ተራሮች ላይ ዝናብ ሊጥል ይችላል፤ ውኃው ከሰዓታት በኋላ እናንተ ያላችሁበት ይደርሳል። በዝናብ ወቅት አለመግባት፣ ምንጊዜም ከአካባቢው አስጎብኚ ጋር መግባት ነው የሚያዋጣው። ደግሞም ቦታው ባዶ ሎኬሽን አይደለም። ሼኽ ሶፍ ዑመር ተጠልለውበት እንደነበር የሚነገርለት፣ ምእመናን የሚመላለሱበት ቅዱስ ስፍራ ነው። ፈቃድ ስትጠይቁ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎችም አናግሩ።

ታዲያ እንዴት እንቅረጽ?

ጀርመናዊው ዳይሬክተር ቨርነር ሄርዞግ እ.ኤ.አ. በ2010 ለእይታ ባበቃው ዘጋቢ ፊልሙ መንገዱን አሳይቷል። ከ30,000 ዓመት በላይ የሆናቸው ሥዕሎች ያሉበት የፈረንሳዩ ሾቬ ዋሻ ሲገባ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይዞ ነበር። በባትሪ የሚሠሩ፣ የማያሞቁ መብራቶች ተጠቀመ፤ ከጠባቡ የብረት መተላለፊያም መውረድ አልተፈቀደላቸውም። ፊልሙ ግን በዓለም ሲኒማ ቤቶች ታየ።

እናንተም ትችላላችሁ። መብራት ከሁለት ሜትር ወደ አራት ሜትር ሲርቅ ተዋናዩ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ትልቅ መብራት ከሩቅ ከማብራት ይልቅ ትንሽ ኤልኢዲ ጠጋ ማድረግ ይበቃል። ከቀዝቃዛው ሮቤ በጠዋት ተነስታችሁ ወደ ሞቃቱና እርጥቡ ዋሻ ስትገቡ ሌንሱ ጤዛ ይይዛል፤ ካሜራውን ከቦርሳው ሳታወጡ ትንሽ አቆዩት። የወንዙንና የዋሻውን ድምፅ ብቻውን ለሁለት ደቂቃ ቅረጹ፤ በኋላ ወርቅ ይሆናችኋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን ዋሻ ውስጥ የምትቆዩበትን ሰዓት ማሳጠር ነው። ሰፋፊዎቹን ትዕይንቶች እዚያ ቅረጹ። ፊት ብቻ የሚታይባቸውን፣ ጩኸትና ሩጫ ያለባቸውን ደግሞ ላፍቶ ውስጥ በአንድ ክፍል ጨርሷቸው፦ ጥቁር ጨርቅ፣ ውኃ የተረጨ ሻካራ ግድግዳ፣ አንድ መብራት። የቀረጻችሁትን የወንዝ ድምፅ ከሥሩ ስታስገቡ ተመልካች ልዩነቱን አያውቀውም። ዋሻው ግን ያውቀዋል።