ቤትን በዕዳ ስለ መግዛት

ሰው ከተወለደበት ቀን አንሥቶ እስኪሞት ድረስ ጥላ የሚሆነው ጣራ ይሻል። የራሱ ቤት ያለው ሰው ልጆቹን በአንድ ሰፈር ያሳድጋል፤ ጎረቤት ያፈራል፤ በዕድሩና በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዘንድ የታወቀ ይሆናል። በኪራይ የሚኖረው ግን ወሩ በተፈጸመ ቍጥር የአከራዩን ፊት እየተመለከተ ስለሚሠጋ፥ ዕቃውን እንኳ ተደላድሎ ለማኖር ልቡ አያርፍም። ስለዚህ ቤት ለመግዛት መመኘት የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቤቱ በሚገዛበት መንገድ ላይ ነው፤ በዚህ ዘመን የቤት ዋጋ ከደመወዙ ቈጥቦ በሙሉ የሚከፍል ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ብዙው ከባንክ ተበድሮ ለመግዛት ያስባልና።

እንዲህ ያለው ብድር የሚሰጠው በቤቱ መያዣነት ነው። ገዢው ከዋጋው አንዱን ክፍል አስቀድሞ ይከፍላል፤ የቀረውን ባንኩ ለሻጩ ይከፍልለታል፤ ገዢውም ገንዘቡን ከነወለዱ በየወሩ ይመልሳል። በኢትዮጵያ የመያዣን ነገር የደነገገው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ በዚህም ሕግ መሠረት መያዣው የሚጸናው ንብረቱ በሚገኝበት ስፍራ በመዝገብ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 97 ደግሞ፥ ተበዳሪው በውሉ የተስማማ እንደ ሆነ፥ ዕዳው በጊዜው ሳይከፈል ሲቀር ባንኩ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ፍርድ ቤት መሄድ ሳያስፈልገው ቤቱን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። እንግዲህ በብድር የተገዛ ቤት ቍልፉ በገዢው እጅ ቢሆንም፥ የመጨረሻው ወር እስኪከፈል ድረስ ባንኩ በቤቱ ላይ የጸና መብት እንዳለው መዘንጋት አይገባም።

የቤት ጉዳይ በአገሪቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፥ ቤት የማከራየት ንግድ ለብዙ ዘመን ተቋርጦ ነበር። ለመኖሪያ ቤት ማበደርን ዋና ሥራው አድርጎ የቈየው የቤትና ቍጠባ ባንክ ኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ከተሰየመ በኋላ፥ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሐደ። በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መሠራት በጀመሩ ጊዜ ደግሞ ባለ ዕጣው ከዋጋው 20 እጁን ከፍሎ 80ውን በባንክ ብድር የሚያሟላበት ሥርዐት ተዘረጋ፤ ቀጥሎም 10/90 እና 40/60 የተባሉት መጡ። በ2005 ዓ.ም. ምዝገባ በተደረገ ጊዜ ለመቈጠብ የተመዘገበው ሕዝብ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ነበር። የፈላጊው ብዛትና የቤቱ ማነስ ከዚህ ቍጥር ይታያል። በ2014 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው ጎህ ቤቶች ባንክም ለቤት ማበደርን ተቀዳሚ ዐላማው አድርጎ ተነሥቷል።

ገበያው ይበልጡን የተናወጠው ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የዋጋን ንረት ለመግታት በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከመቶ 14 በላይ እንዳያድግ ወሰነ፤ ይህም ገደብ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወደ 18 ከፍ ብሎ ነበር። ብድር ሲወሰን ባንክ ገንዘቡ ፈጥኖ የሚመለስለትን ነጋዴ መርጦ፥ 20 ዓመት የሚያስጠብቀውን ቤት ገዢ ወደ ኋላ ማቈየቱ የሚጠበቅ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ደግሞ፥ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የሕንፃ ዕቃም ዋጋው አብሮ ከፍ አለ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም ቢያንስ 150,000 ዶላር ለሚያወጣ የውጭ አገር ሰው በኢትዮጵያ ቤት እንዲኖረው ፈቀደለት።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ ባየ ጊዜ፥ «ዛሬ ያልተገዛ ቤት ነገ አይገኝም» እያለ ይጣደፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ግን፥ በዋጋው መናር የደነገጠ ገዢ የቤቱን ዋጋ ብቻ ተከራክሮ የዕዳውን ዘመን ሳይመረምር ይፈርማል። ከሁሉ የሚከብደው ግን ይህ የዕዳ ዘመን ነው።

ለአብነት ያህል አንድ ሰው አንድ ሚሊዮን ብር ተበድሮ በ20 ዓመት ሊመልስ ቢዋዋል፥ ወለዱም በዓመት ከመቶ 9 ተኩል ቢሆን፥ የወሩ ክፍያ 9,321 ብር ግድም ይሆናል። ወለዱ ከመቶ 18 የሆነ እንደ ሆነ ግን ክፍያው 15,433 ብር ይደርሳል፤ በ20 ዓመት ውስጥ የሚከፈለውም ሁሉ ቢደመር 3,700,000 ብር ያልፋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፥ በመጀመሪያው ወር ከሚከፈለው 15,433 ብር ውስጥ 15,000ው ወለድ ሲሆን ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 433 ብር ብቻ መሆኑ ነው። ይኸው ሰው ዘመኑን ወደ 10 ዓመት ቢያሳጥረው በየወሩ 18,019 ብር ይከፍላል፤ ድምሩም 2,162,000 ብር ግድም ይሆናል። በወር 2,586 ብር በመጨመሩ ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል ብር የሚበልጥ ገንዘብ ለቤተ ሰቡ ይተርፋል። ይህን ያህል ለመጨመር ዐቅም የሌለው ሰው ቢኖር፥ አነስ ያለ ቤት መርጦ ዕዳውን ማሳነስ ይችላል።

«ብር እየረከሰ ሲሄድ ዕዳውም አብሮ ይቀላል» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ወለዱ በውሉ የተቈረጠ ከሆነና ገቢው ከገበያው ጋር የሚያድግ ከሆነ ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት ይቀላል። ደመወዙ በአንድ ስፍራ ቆሞ የሚቀር ሠራተኛ ግን የእህሉና የትምህርት ቤቱ ዋጋ ሲጨምርበት ለባንኩ የሚከፍለው ያንሰዋል እንጂ አይተርፈውም። ባንኩ እንደ ጊዜው ወለዱን ከፍ ማድረግ እንደሚችል በውሉ ተጽፎ እንደ ሆነም፥ የብሩ መርከስ ያቀለለውን ዕዳ የወለዱ መጨመር መልሶ ያከብደዋል። ስለዚህ ተበዳሪው ከመፈረሙ በፊት ወለዱ የሚለወጥ መሆን አለመሆኑን፥ ዕዳውን ከቀኑ አስቀድሞ ቢከፍልም ቅጣት ይኖርበት እንደ ሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። ቢያንስ የስድስት ወር ክፍያ ለሕመምና ለሥራ ማጣት ቀን ለይቶ ማስቀመጥም ብልኅነት ነው።

ከሒሳቡ ቀጥሎ የሚመረመረው ወረቀቱ ነው። በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ ገዢው የሚገዛው በመሬቱ ላይ የተሠራውን ቤትና የመጠቀሙን መብት ነው። ቦታው በሊዝ የተያዘ ከሆነ፥ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ ዐዋጅ ለመኖሪያ ቤት የወሰነው ዘመን 99 ዓመት ስለ ሆነ፥ ከዚህ ውስጥ ስንቱ እንዳለፈና ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ መኖሩን መጠየቅ ያሻል። ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፥ በቤቱም ላይ ዕዳ ወይም እገዳ አለመኖሩን ከመዝገቡ ማረጋገጥ ግድ ነው፤ የተመዘገበ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ወደ አዲሱ ገዢ ይሻገራልና። ሻጩ ባለ ትዳር ከሆነም፥ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱንም ስምምነት ስለሚጠይቅ፥ የባል ፊርማ ያለ ሚስት ፊርማ አይበቃም። ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረማል እንጂ፥ በደላላ ቃልና በሽማግሌ ምስክርነት ብቻ አይታመንም።

በዚህ ነገር ባለሥልጣኖች ያለባቸው ግዴታ ቀላል አይደለም። በክፍለ ከተማና በወረዳ የሚገኘው መዝገብ የጠራ እንደ ሆነ፥ ገዢው በአንድ ቀን እውነቱን ዐውቆ ይመለሳል፤ መዝገቡ የተዘበራረቀ እንደ ሆነ ግን አንዱ ቤት ለሁለት ሰው የሚሸጥበት በር ይከፈታል። ስም ለማዛወር በምልልስ የሚጠፋው ወር ሁሉ፥ ከወለድና ከኪራይ ጋር ተደምሮ ከድኻው ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ባንኮችም ቢሆኑ ጠቅላላ የሚከፈለውን ድምር ተበዳሪው በሚያነበው ቋንቋ፥ በግልጥ ቍጥር አስቀድመው ሊያሳዩት ይገባል።

ካህናትም ከዚህ ምክር ውጭ አይደሉም። የቤተ ሰብ አባት በሚቸገርበት ጊዜ አስቀድሞ የሚያማክረው የንስሐ አባቱን ነው። ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው ሳይጀምር ተቀምጦ ወጪውን እንዲቈጥር ወንጌል ማስተማሩን ለምእመኑ የሚያስታውስ ካህን፥ ለነፍሱም ለኑሮውም ይጠቅመዋል። በተለይም የቅድሚያውን ክፍያ ለመሙላት ሲል በስውር ከአራጣ አበዳሪ የሚበደር ሰው ቢገኝ፥ ይህ መንገድ በእምነትም በመንግሥት ሕግም የተከለከለ መሆኑን ነግሮ ሊመልሰው ይገባል።

ቤት የሚገዛው ለልጆች ዕረፍት ነውና፥ ልጆችን ከትምህርታቸውና ከእንጀራቸው የሚያጐድል ዕዳ የቤቱን ምክንያት ራሱን ያፈርሳል። ዐቅሙን ለክቶ፥ ወረቀቱን መርምሮ፥ ዘመኑን አሳጥሮ የተዋዋለ ሰው ቤቱ ጠባብ ቢሆንም በውስጡ ተኝቶ ያድራል፤ የመጨረሻውን ወር ከፍሎ የመያዣውን ምዝገባ ያሠረዘ ቀንም ቤቱ በእውነት የእርሱና የልጆቹ ይሆናል።