ባህልና ሸሪዓ በማራፒ ተራራ ግርጌ

ስለ ኢንዶኔዢያ ሲነሳ አብዛኞቻችን የምናውቀው ከ230 ሚሊዮን በላይ ሙስሊሞች የሚኖሩባት፣ በሺህ የሚቆጠሩ ደሴቶች ያሏት ሰፊ አገር መሆኗን ነው። የትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መጽሐፎቻችንም ከዚህ አልፈው ብዙ አይነግሩንም። ይሁን እንጂ አንድ ሕዝብ በቁጥሩ ብቻ አይታወቅም። ቤቱ የማን ነው? መሬቱ ለማን ይተላለፋል? ልጆቹስ ቁርኣን የሚቀሩት የት ነው? ብሎ አንዲት መንደርን መጠየቅ ከብዙ አኃዝ ይልቅ ያስተምራል። ለዛሬ በምዕራብ ሱማትራ ተራሮች መካከል የምትገኘውን ፓሪያንጋን የተባለች ትንሽ መንደርና አካባቢዋን እንቃኛለን። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንደሯና ተራራው

ፓሪያንጋን የምትገኘው በማራፒ ተራራ ደቡባዊ ተዳፋት ላይ፣ ታናህ ዳታር በተባለው አውራጃ ውስጥ ነው። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከሆነችው ከፓዳንግ ተነስቶ ከባሕር ዳርቻው ወደ ደጋው የሚወጣ መንገደኛ፣ ፓዳንግ ፓንጃንግ ከምትባለው ቀዝቃዛ ከተማ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ባቱሳንግካር ሲጓዝ መንደሯን ከተራራው ወገብ ላይ ያገኛታል። ማራፒ 2,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ አሁንም ድረስ የሚፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። በጃቫ ደሴት ካለው ከሜራፒ ጋር ግን መምታታት የለበትም።

የመንደሯ ቤቶች ከዳገቱ ላይ ተደራርበው ቁልቁል ይወርዳሉ። በመካከላቸው «መስጂድ ኢስላሕ» የተባለው አሮጌ መስጊድ ይገኛል። ከአጠገቡ ከተራራው ሆድ የሚወጣ ፍል ውሃ ስላለ የመንደሩ ሰው ይታጠብበታል። ከታች ደግሞ በእርከን የተሠሩ የሩዝ ማሳዎች ተዘርግተዋል። አንጋፋዎቹ ቤቶች በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የቆሙ ሲሆኑ፣ የጣሪያቸው ጫፎች እንደ ውሃ ጎሽ ቀንድ ወደ ሰማይ ይሾላሉ። ጣሪያው ቀድሞ በዘንባባ ዓይነት ዛፍ ጭረት ይከደን ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ቤቶች ላይ እንደ እኛ አገር ሁሉ ቆርቆሮ ተተክቷል።

የዚህ አገር ሰዎች ሚናንግካባው ይባላሉ። «ታምቦ» በሚሉት አፈ ታሪካቸው የመጀመሪያዎቹ አባቶቻቸው የሰፈሩት በፓሪያንጋን እንደሆነ ይተርካሉ። የመጀመሪያውን ንጉሣቸውንም በቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ከህፍ ከተወሳው ከዙልቀርነይን ዘር ያደርጉታል። ይህ ታሪክ ሳይሆን ተረት ነው። ነገር ግን ሕዝቡ ራሱን ከኢስላም ጋር ምን ያህል አጥብቆ እንዳሰረ ያሳያል።

እዚህ ላይ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚገርም አንድ ነገር አለ። በታናህ ዳታር ከሚጠጡት መጠጦች አንዱ የተጠበሰ የቡና ቅጠል ፍል ነው። ስሙም «ካዋ ዳውን» ይባላል። «ካዋ» ቀህዋ ከሚለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ሲሆን «ዳውን» ማለት ቅጠል ነው። የሐረርጌ ሰው ይህን ቢሰማ «ይህማ ቁጢ ነው!» ማለቱ አይቀርም። የደች ቅኝ ገዢዎች ከ1847 እስከ 1908 ድረስ ገበሬው ቡና እየተከለ ፍሬውን በወሰኑት ዋጋ ለመንግሥት መጋዘን እንዲያስረክብ ያስገድዱ ነበር። የአገሩ ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ ፍሬው ለነጩ ሲሄድ ለገበሬው የቀረለት ቅጠሉ ነበር።

ቤቱ የእናት ነው

ሚናንግካባዎች ከሌላው ሙስሊም ሕዝብ የሚለዩበት ዋናው ነገር የዘር ቆጠራቸው ነው። ልጅ የሚቆጠረው በእናቱ ጎሳ ነው። ትልቁ የቤተሰብ ቤትና ከቅድመ አያት የወረደው የሩዝ ማሳ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። ይህ ንብረት የአንድ ሰው ሳይሆን የዘሩ ሁሉ ስለሆነ አይሸጥም። በመያዣ የሚሰጠው እንኳ ባህሉ በቆጠራቸው አራት ችግሮች ብቻ ነው። እነርሱም አስከሬን ለመቅበር፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰችን ልጅ ለመዳር፣ የፈረሰውን ትልቁን ቤት ለመጠገንና የጎሳውን አለቃ ለመሾም ናቸው።

ታዲያ ወንዱስ? ያገባ ወንድ ወደ ሚስቱ ቤት ይገባል። በእናቱ ዘር በኩል ግን የእህቶቹ ልጆች ኃላፊ ነው። አጎት የእህቱን ልጆች ይመክራል፣ ይቆጣል፣ ይድራል፣ የዘሩንም መሬት ይጠብቃል። ወንድ ልጅ ደግሞ በቀድሞው ልማድ በእናቱ ቤት የራሱ መኝታ ስላልነበረው፣ ነፍስ ሲያውቅ ማታ ማታ የሚያድረው በ«ሱራው» ነበር። ሱራው ማለት ከመስጊድ የሚያንስ መስገጃና መማሪያ ቤት ነው። በእኛ አገር ቁርኣን ቤትና ሐሪማ እንደምንለው ማለት ነው። ልጁ እዚያ ቁርኣን ይቀራል፣ ኪታብ ይከፍታል፣ ሲላት የተባለውን የትግል ጥበብ ይለማመዳል፣ ከታላላቆቹም አደብ ይማራል።

ሲጎለምስ ደግሞ አገሩን ለቆ ይሄዳል። ይህን ጉዞ «መራንታው» ይሉታል። ወጣቱ ዕውቀትም ይሁን ገንዘብ ፍለጋ ወጥቶ፣ ሰው ሆኖ እንዲመለስ ይጠበቅበታል። በመላ ኢንዶኔዢያ «የፓዳንግ ምግብ ቤት» የሚባሉት እነዚህ ስደተኞች የከፈቷቸው ናቸው። በኮኮናት ወተትና በቅመም ለሰዓታት የሚበስለው «ሬንዳንግ» የተባለው የሥጋ ወጥ ለረጅም ጊዜ ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለመንገደኛ ስንቅ ምቹ ነው። ከዚህ ሕዝብ የወጡ ሰዎች በአገራቸው ታሪክ ያላቸው ቦታም ከቁጥራቸው ይበልጣል። የመጀመሪያው ምክትል ፕሬዚዳንት ሙሐመድ ሐታ፣ ዲፕሎማቱ ሐጂ አጉስ ሳሊም፣ ከ1950 እስከ 1951 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሙሐመድ ናትሲርና የቁርኣን ሙፈሲሩ ሐምካ ሁሉም ሚናንግካባዎች ናቸው።

ጥያቄው በሰይፍ ሲቀርብ

ይህ ሁሉ ሲሰማ አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኒሳእ የእያንዳንዱን ወራሽ ድርሻ ወስኗል። የሚናንግካባዎች ባህል ደግሞ መሬቱን ለሴት ልጆች ብቻ ያስተላልፋል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? እነርሱም ይህንን ጥያቄ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ሲጠያየቁበት ኖረዋል።

በ1803 ገደማ ሦስት ሐጂዎች ከመካ ተመለሱ። ቁማርን፣ የዶሮ ማዋጋትን፣ አስካሪ መጠጥንና ከሸሪዓ ውጭ የሆኑ ልማዶችን ለማስወገድ ቆርጠው ተነሱ። የእነርሱ ተከታዮች «ፓድሪ» ተባሉ። ነገሩ ከስብከት ወደ ኃይል አለፈና መንደሮች ተቃጠሉ። በ1815 በታናህ ዳታር አብዛኛው የንጉሣውያን ቤተሰብ ተገደለ። የተሸበሩት የባህል አለቆች በ1821 ከደች ጋር ውል ተፈራረሙ። ደች ለእርዳታ ብሎ ገብቶ በባቱሳንግካር ምሽግ ሠራ። ከዚያ ወዲያ አልወጣም።

ሁለቱ ወገኖች ስህተታቸው የገባቸው ዘግይቶ ነበር። በ1833 ባህለኞቹና ፓድሪዎቹ አንድ ሆነው በደች ላይ ተነሱ። ሆኖም በ1837 የኢማም ቦንጆል ምሽግ ወደቀ። ኢማሙም በግዞት ተወስደው በ1864 ከአገራቸው ርቀው በሱላዌሲ አረፉ። ከዚያ ዘመን መከራ ሕዝቡ ይዞት የወጣው መርህ፣ ባህል በሸሪዓ ላይ እንደሚቆም፣ ሸሪዓም በአላህ ኪታብ ላይ እንደሚቆም የሚያስረዳው ነው። ቃል ኪዳኑ የታሰረው በታናህ ዳታር ባለው በማራፓላም ኮረብታ ላይ እንደሆነ ይነገራል። የኢንዶኔዢያ ፓርላማ በ2022 ስለ ክፍለ ሀገሩ ባወጣው ሕግም ይኸው መርህ የአካባቢው መለያ ሆኖ ሰፍሯል።

ጥያቄው በብዕር ሲቀርብ

መርሁ ቢነገርም የውርሱ ነገር አልተፈታም ነበር። ደግሞ ያነሱት በ1860 በአጋም አካባቢ የተወለዱት ሸኽ አሕመድ ኸቲብ ናቸው። በመካ ተምረው በመስጂደል ሐራም የሻፊዒይ መዝሀብ ኢማምና ኸጢብ እስከመሆን የደረሱ ዓሊም ነበሩ። ከመካ ሆነው በጻፏቸው ኪታቦች የአገራቸውን የውርስ ልማድ አጥብቀው ነቀፉ። ሰው ለፍቶ ያፈራውን ንብረት ልጆቹ እያሉ ለእህቱ ልጆች ማውረስ የየቲሞችን ሐቅ መብላት ነው አሉ።

ከደረሶቻቸው አንዱ፣ በተለምዶ ሐጂ ረሱል የሚባሉት ሐጂ ዐብዱልከሪም አምሩላህ (1879–1945)፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነገሩን ከሌላ በኩል አዩት። አሁን ያለው ሰው ላቡን አፍስሶ ያፈራው ንብረት ያለጥርጥር በፈራኢድ ይከፋፈል። ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣው መሬት ግን የማንም የግል ሀብት ስላልሆነ ወቅፍን ይመስላል አሉ። ሰይዲና ዑመር (ረ.ዐ.) የኸይበር መሬታቸውን የማይሸጥ፣ የማይሰጥና የማይወረስ አድርገው ማቆማቸው ይታወቃል። ጥቅሙ እንጂ መሬቱ አይከፋፈልም።

በመጨረሻ በግንቦት 1952 ዑለማዎች፣ የጎሳ አለቆችና የተማሩ ሰዎች በቡኪቲንጊ ከተማ ተሰብስበው ተመካከሩ። ከጥንት የወረደው የጋራ መሬት በባህሉ መሠረት በእናት ዘር እንዲቆይ፣ ሰው በሕይወቱ ያፈራው ንብረት ግን በፈራኢድ እንዲወረስ ተስማሙ። ይህ ሁሉንም ዓሊም አሳምኗል ማለት አይደለም። የመሬት ክርክርም ከፍርድ ቤቶች አልጠፋም። ነገር ግን በሰይፍ ሲጠየቅ አገር ያሳጣ ጥያቄ በምክክር ሲቀርብ መልስ አገኘ።

የፓዳንግ ፓንጃንጓ ሸይኻ

ስለዚህ አካባቢ ተጽፎ ረሕማ አል-ዩኑሲያን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። በ1900 በፓዳንግ ፓንጃንግ ተወለደች። ወንድሟ ዘይኑዲን ለባይ በ1915 በከፈተው ዘመናዊ መድረሳ ከወንዶች ጋር ስትማር፣ ሴቶች ስለ ራሳቸው የሚመለከተውን የፊቅህ ጥያቄ በወንዶች ፊት ለመጠየቅ እንደሚያፍሩ አስተዋለች። በመሆኑም ኅዳር 1 ቀን 1923 ለሴቶች ብቻ የሆነ ትምህርት ቤት በመስጊድ ውስጥ ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ 71 ተማሪዎች አብዛኞቹ ወጣት እናቶች ነበሩ።

በ1926 የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን ሲያፈርስ ትምህርት ቤቷም አብሮ ፈረሰ። ረሕማ በቀርከሃ መልሳ ሠራችው። ማላያ ድረስ ተጉዛም እርዳታ አሰባሰበች። የደች መንግሥት ገንዘብ ሊሰጣት ቢፈልግም፣ ከገንዘቡ ጋር ትእዛዝ እንደሚመጣ ስላወቀች አልተቀበለችም። በ1955 የአል-አዝሀር ታላቁ ሸይኽ ዐብዱራሕማን ታጅ ትምህርት ቤቷን ጎበኙ። በ1957 አል-አዝሀር «ሸይኻ» የሚል ማዕረግ ሰጣት። አል-አዝሀር ራሱ የሴቶች ኮሌጅ የከፈተው በ1962 ነው። ረሕማ በ1969 አረፈች። አገሯም በኅዳር 2025 ብሔራዊ ጀግና ብላ ሰየመቻት። ትምህርት ቤቷ መቶ ዓመት አልፎታል።

በነገራችን ላይ፣ በድሮው አል-አዝሀር ውስጥ የጀበርቲ ደረሶች የሚያድሩበት ሪዋቅ እንደነበረ ሁሉ፣ ጃዊ የሚባሉት የእነዚህ ደሴቶች ደረሶችም የራሳቸው ሪዋቅ ነበራቸው። የእኛና የእነርሱ አባቶች ዕውቀት የቀዱት ከአንድ ምንጭ ነበር ማለት ነው።

ዛሬስ?

ማራፒ ሰላም አይሰጥም። ታኅሣሥ 3 ቀን 2023 በድንገት ፈንድቶ 24 ተራራ ወጪዎችን ገደለ። ግንቦት 11 ቀን 2024 ሌሊት ደግሞ ከባድ ዝናብ በተዳፋቱ የተከማቸውን አመድና ድንጋይ ጠርጎ በአጋምና በታናህ ዳታር መንደሮች ላይ ለቀቀው። ከ60 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2025 መጨረሻ የደረሰው ጎርፍና ናዳም በሦስቱ የሰሜንና የምዕራብ ሱማትራ ክፍላተ ሀገር ከአንድ ሺህ በላይ ነፍስ አጥፍቷል። ያም ሆኖ ገበሬው ከተራራው አልራቀም። ሩዙን የሚያበቅለው ለም አፈር የዚሁ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

ሌላው ፈተና ድምፅ የለውም። ዛሬ ወንድ ልጅ በሱራው አያድርም። በቤቱ ያድራል፣ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ከዚያም ወደ ከተማ ይወጣል። ቀንዳማ ጣሪያ ያላቸው ብዙ ትላልቅ ቤቶች ጠባቂ አሮጊት ብቻ ቀርተውባቸዋል፤ አንዳንዶቹም ፈርሰዋል። ከ2000 ወዲህ በክፍለ ሀገሩ ወደ ጥንቱ የመንደር አስተዳደርና ወደ ሱራው እንመለስ የሚል ጥሪ እየተሰማ ነው። ነገር ግን ሕንፃን ማደስ ልጅን ማታ ማታ ኪታብ ፊት ከማስቀመጥ ይቀላል።

ውድ ወላጆች! ውድ ወጣቶች! በእኛ አገር በብዙ ገጠሮች ባህል ሴት ልጅን ከአባቷ መሬት ያስቀራታል፤ አላህ የወሰነላትን ድርሻ «ወንድሞችሽን አታስቀይሚ» በሚል ቃል ትነጠቃለች። በማራፒ ግርጌ ደግሞ ባህሉ ያደላው ለሴቷ ነበር። አድልዎው ወደየትም ቢያዘነብል ጥያቄው አንድ ነው፦ አባቶቻችን ያቆዩልን ልማድ በአላህ ኪታብ ሲመዘን ምን ይላል? የፓሪያንጋንና የአካባቢዋ ሰዎች ይህን ጥያቄ ሳይሸሹ፣ ዓሊሙንም ሽማግሌውንም አንድ ምንጣፍ ላይ አስቀምጠው ጠየቁ። የእኛስ ቤተሰቦች ከቀብር መልስ በንብረት ከመጣላታቸው በፊት፣ አባትና እናት በሕይወት ሳሉ፣ እንዲህ ተቀምጠው ቢነጋገሩ ምን ይከለክላቸዋል?