ለቤዝመንት ኤሲ ከመግዛታችሁ በፊት

ሰሞኑን «ቤዝመንትዎ ቀዝቅዟል? ሸቷል? ኤሲ ያስገጥሙና ንጹሕ አየር ያግኙ» የሚል ማስታወቂያ ከቻናል ቻናል እየዞረ ነው። በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ፣ ከሰበታ እስከ ተፍኪ፣ ቁልቁለት ላይ የተሠራ ቤት ሁሉ ከሥሩ አንድ ወለል ይተርፈዋል። ባለቤቱ ጅብሰሙን አስለጥፎ፣ ሴራሚኩን አስነጥፎ፣ ቀለሙን አስቀብቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ብርዱና ሽታው የሚጀምረው፤ የቀረው ገንዘብ ያኔ ወደ ኤሲ ይሄዳል። የእኛ ከፍታና የእኛ አፈር ላይ ያለ ቤዝመንት ግን በመጀመሪያ የሚፈልገው ውሃው እንዲወጣለት ነው፣ ቀጥሎም አየር እንዲገባለት። ማሞቅና ማቀዝቀዝ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ይህን ተራ የገለበጠ ሰው ገንዘቡን ብቻ አይደለም የሚያጣው፣ ጤናውም ይጎዳል። በተራ ላስረዳ።

1. ውሃው። የጅማን መንገድ ይዞ ከሰበታ የወጣ ሰው ክረምት ላይ ተፍኪ ሲደርስ ሜዳው ሐይቅ ሆኖ ይጠብቀዋል። ውሃው የተኛበት አፈር መረሬ ነው። መረሬ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የጠጣውን ደግሞ ቶሎ አይለቅም። ለዚህ ላቦራቶሪ መሄድ አያስፈልግም፣ የዚያው ሜዳ፣ የበቾ ገበሬ ምስክር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሽምብራውንና ጓያውን ይዘራል፤ ከዚያ ዝናብ ባይጥልም አዝመራው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ፍሬ ይዞ ይደርሳል። ሽምብራን ለወራት የሚያጠጣ አፈር የተደገፈበትን ግድግዳም ለወራት ያጠጣል። «ዝናቡ አልፏል፣ ደርቋል» ብሎ ጥቅምት ላይ ጅብሰም የሚያስለጥፍ ሰው ግድግዳው ገና እየጠጣ ሳለ ነው የሚሸፍነው። ብሎኬትም ሲሚንቶም ውሃን የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስበው ይስባሉ። ውሃው ወደ ክፍሉ ወጥቶ ሲተን ያመጣውን ጨው ግድግዳው ላይ ይተዋል። ከወለል እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ አብጦ፣ በጣት ሲነካ ነጭ ዱቄት ሆኖ የሚረግፈው እሱ ነው። ያን ፍቆ እንደገና መቀባት ቁስልን ሳያጥቡ በፋሻ መጠቅለል ነው።

እዚህ ላይ የሚመጣው መልስ ይታወቃል፤ «ከውስጥ የሚቀባ ውሃ መከላከያ አለ» ይባላል። አለ። ነገር ግን ውሃው የሚገፋው ከውጭ ነው፤ ቀለሙን ግድግዳው ላይ አያጣብቀውም፣ ከግድግዳው ይነቅለዋል እንጂ። ከግድግዳው ኋላ ውሃ አንድ ሜትር ከፍታ ቢጠራቀም ግርጌው ላይ በካሬ ሜትር የአንድ ቶን ያህል ግፊት ያሳርፋል። መከላከያው መለጠፍ ያለበት አፈሩ በሚነካው በውጭው ፊት ነው፦ ሜምብሬን፣ ከእሱ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከግርጌው ደግሞ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ተዳፋት ይዞ ወደ ታችኛው ጎን የሚወጣ። ከዚያ ጉድጓዱ በገረጋንቲ ይሞላል እንጂ የወጣው መረሬ ተመልሶ አይገባበትም። ቁልቁለት ላይ ያለ ቤት በዚህ ዕድለኛ ነው፣ ውሃው ያለ ፓምፕ በራሱ ይወርዳልና።

«ቤቱ አልቋል፣ አሁን ውጭውን ቆፍረን የጎረቤት አጥር እናፍርስ ወይ?» የሚለው ተቃውሞ ግን እውነት አለው። ላለቀ ቤት መጀመሪያ የሚታየው አሸንዳው ነው። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር የሚፈስ ከሆነ በቱቦ ከቤቱ ማራቅ ከሁሉም ርካሹና ብዙ ጊዜም ትልቁ ለውጥ ነው። ካልበቃ በውስጥ በኩል የግድግዳውን ግርጌ ተከትሎ ወለሉ ላይ ቦይ ይከፈትና ውሃው ወደ አንድ ጉድጓድ ተሰብስቦ በፓምፕ ይወጣል። ጅብሰሙ ከግድግዳው አምስት ሳንቲም ያህል ይራቅ፤ በቀጥታ የተለጠፈ ጅብሰም ስፖንጅ ነው።

ስለ ፈቃድና ቁጥጥር ሳልል አላልፍም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከወጣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ግንባታ በፈቃድና በደረጃ በደረጃ ክትትል ይካሄዳል ይባላል። ተቆጣጣሪው መጥቶ ብረቱን ይቆጥራል፤ መልካም ነው። ግን ግድግዳው በአፈር ከመሸፈኑ በፊት ቱቦው አለ ወይ፣ ሜምብሬኑ ተቀዷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። አፈሩ በአንድ ቀን ተገፍቶ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። የሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ጠቅልሎ ሲመሠረት ይህ ይስተካከላል ብለን ጠብቀን ነበር። ስለ ሕንፃ አየር የሚናገረው ኢቢሲኤስ 11 የተባለው የአገሪቱ መለኪያም በፈረንጆቹ 1995 የወጣ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ ያለፈ ሥራ የተሰጠው አይመስልም።

2. አየሩ። ከሁሉም በላይ ትዕግሥት የሚያስጨርሰው ይህ ነው። ስፕሊት ኤሲ ከውጭ አንዲት ትንፋሽ አየር አያስገባም። ደግሜ እጽፈዋለሁ፤ አያስገባም። ከውስጡ ማሽን ወደ ውጭው የሚሄዱት ሁለት የመዳብ ቱቦዎች፣ የኤሌክትሪክ ገመድና የውሃ መውረጃ ላስቲክ ናቸው። በመዳቡ ውስጥ የሚመላለሰው የራሱ ጋዝ ነው። የሚያልፉበት ቀዳዳ ከቡጢ አይሰፋም፣ ገጣሚው ሥራውን የሚያውቅ ከሆነ እሱንም በፎም ይደፍነዋል። ሰው ውጭ የተሰቀለው ማሽን ፋን ሲሽከረከር ሲያይ አየር ስቦ ወደ ቤት የሚልክ ይመስለዋል። የሚሠራው ግን ጋዙ ከቤት ያወጣውን ሙቀት መበተን ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ማሽን ደግሞ የክፍሉን አየር ከላይ ስቦ፣ አቀዝቅዞ ወይም አሙቆ፣ ያንኑ አየር ከታች ይመልሰዋል። ሰው የተነፈሰው፣ ያሰለው፣ ያላበው ሁሉ እዚያው ይዞራል።

ይህ የቃል ክርክር አይደለም። ሥራ ላይ ላለ ሰው በሴኮንድ ከስምንት እስከ አሥር ሊትር የውጭ አየር ያስፈልገዋል። ሃያ ሰው የተቀመጠበት የልብስ ስፌት ወይም የማሠልጠኛ ክፍል ማለት በሴኮንድ እስከ ሁለት መቶ ሊትር ነው። ያ በሌለበት ከሰዓት በኋላ ራስ ይከብዳል፣ ዓይን ይከደናል፤ «ሙቀት ነው» ተብሎ ኤሲው ይጨመራል፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ ራስ ምታቱ ግን ይቀጥላል። አንዱ የታመመውን ጉንፋን ሁሉም ይታመማል። «መስኮት አለው» የሚባለውም መልስ አይሆንም። ከኮርኒሱ ሥር ያለች አንድ ጠባብ መስኮት መግቢያም መውጫም መሆን አትችልም። አየር መግቢያ ከታች፣ መውጫ በተቃራኒው ጎን ከላይ ይፈልጋል፣ መውጫው ላይ ደግሞ ኤግዞስት ፋን። ዋጋው ከኤሲው ጋር አይወዳደርም፤ ማስታወቂያ የማይወጣለትም ስለዚህ ነው።

«ኤሲው ድራይ የሚል ቁልፍ አለው፣ እርጥበቱን ያደርቃል» ለሚሉ፦ ሞቃት ክፍል ውስጥ ያደርቃል። ቤዝመንት ግን ቀድሞውንም ቀዝቃዛ ነው። ማሽኑ የታዘዘው ዲግሪ ላይ በደቂቃዎች ይደርስና ኮምፕረሰሩ ይቆማል፣ ፋኑ መዞሩን ይቀጥላል፣ ብረቱ ላይ የተሰበሰበው ውሃም ተመልሶ ይተናል። እርጥበት መጣጭ ማሽንም ቢሆን ካርቶኑ ላይ «በቀን 20 ሊትር» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ዲግሪና በ80 በመቶ እርጥበት የተለካ ነው፤ 17 ዲግሪ ክፍል ውስጥ የዚያን ጥቂት ክፍል ነው የሚያወጣው። ሻጩ ይህን ማወቅ አለበት። የቴክኒክ ማሠልጠኛው ደግሞ ጋዝ መሙላት ብቻ ሳይሆን አየርና እርጥበት እንዴት እንደሚሠሩ አስተምሮ ማስመረቅ አለበት። የጋዝ ጌጅ የያዘ ሁሉ ባለሙያ የሚባልበት አገር ውስጥ ነው ያለነው።

መቼ ይከፈት? ነሐሴ ላይ ቀን መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ጥሩ ይመስላል፣ ግን ያረጥባል። ውጭው 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ ሲሆን ያ አየር 16 ዲግሪ ገደማ የሆነ ነገር ሲነካ ጤዛ ይጥላል። የቤዝመንት ወለልና ማዕዘን ደግሞ ልክ እዚያው ላይ ናቸው። ሴራሚኩ ያለ ምክንያት ያላበ ሲመስል፣ ቁም ሣጥኑ ኋላ ሻጋታ ሲያወጣ፣ ምክንያቱ ይህ ነው። ሌሊቱን 10 ዲግሪ የሆነው አየር ጉም ቢሆን እንኳ ገብቶ 17 ዲግሪ ሲሞቅ አንጻራዊ እርጥበቱ ወደ 60 በመቶ ይወርዳል፣ ያደርቃል። ስለዚህ ክረምት ላይ ፋኑን በታይመር ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ማሠራት፣ ቀን መዝጋት። ሰው ቀን የሚውልበት ክፍል ከሆነ ግን ሰው ይቅደም፣ ፋኑ ቀንም ይሥራ።

ስለ አየር እያወራን ከሰልን መዝለል ወንጀል ነው። ኤሲ መግዛት የማይችል ሰው ብርዱን በከሰል ምድጃ ሊያባርር ይሞክራል። ከሰሉ ነጭ አመድ ለብሶ ጭሱ ሲጠፋ «አለቀለት፣ አሁን ይግባ» ይባላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከደም ጋር ኦክስጅን ከሚጣበቀው ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ አጥብቆ ይያዛል። ከፍታችን ኦክስጅኑን ቀድሞ ስለሚቀንሰው እኛ ላይ ይብሳል። «በሩን ገርበብ እናደርጋለን» የሚለው ደረጃ ተወርዶ ለሚገባበት ክፍል አይሠራም። መብራት ሲጠፋ ደረጃው ሥር የሚነሳው ጄኔሬተርም ያው ነው። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላ ያስቀመጠበትን ጉድጓድ ሲከፍት ዘሎ አይገባም፣ ክፍቱን ትቶ ያናፍሰዋል፣ ከመሬት በታች የታመቀ አየር እንደሚገድል ያውቃልና። ያ እውቀት ጅብሰምና ኮርኒስ ሲለጠፍ ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም።

3. ሙቀቱ። ጥቂት ሜትር ከታች ያለ አፈር ዓመቱን ሙሉ የአካባቢውን አማካይ ሙቀት ይዞ ይቆያል፤ አዲስ አበባ ዙሪያ ያ 16 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ሱሉልታ ላይ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቤዝመንት በታኅሣሥ ውርጭ ከላይኛው ቤት ሊሞቅ፣ በመጋቢት ሊቀዘቅዝ ይችላል። «ሆቴሎቹ ሁሉ ኤሲ አላቸው» የሚባለው አዳማና ድሬዳዋ ላይ ትርጉም አለው። እኛ ዘንድ ሰው በመብዛቱ ወይም በማሽን የሞቀ ቤዝመንት ማቀዝቀዣው ውጭ በነፃ ቆሟል፣ የሚያስገባው ፋን ብቻ ነው የሚፈልገው። ፋኑም ሲመረጥ ከፍታው ይታሰብ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ሱሉልታ ወደ 2,700 ትጠጋለች፣ አየራችን ከባሕር ጠለሉ አየር በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ያው ፋን የሚሸከመው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል። ካታሎግ ላይ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ ለእኛ የተጻፈ አይደለም።

ብርዱ ግን እውነት ነው፣ 16 ዲግሪ ላይ ቁጭ ብሎ መዋል ያማል። ደርቆ አየር ያገኘ ቤዝመንት ማሞቅ ተገቢ ነው። መጀመሪያ ግድግዳውንና ከተቻለ ወለሉን በፎም መሸፈን፤ ሙቀቱ አፈር ሲያሞቅ እንዳይውል። ከዚያ ማሞቂያው። ባለ 2,000 ዋት ሂተር በቀን ስድስት ሰዓት ቢሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፣ በወር 360። ታሪፉ ደግሞ በተጠቀምን ቁጥር የአንዱ ዋጋ የሚወጣበት ነው፤ ከ2017 መስከረም ወዲህም በየጊዜው እየጨመረ ነው። የሚያሞቅም የሚያቀዘቅዝም ስፕሊት ኤሲ ያንኑ ሙቀት በሲሶው ኤሌክትሪክ ገደማ ይሰጣል። አዎ፣ ኤሲ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ቦታው እዚህ፣ ተራው መጨረሻ ነው። እርጥብ ቤዝመንት ውስጥ ቀድሞ ከገባ ግን ግድግዳውን አሙቆ ውሃውን ወደ አየሩ ያወጣዋል፣ ያ ውሃም ሄዶ የሚያርፈው ሙቀቱ ያልደረሰበት ማዕዘን ላይ ነው።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፍራም ላስቲክ ቁረጡ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ባዶው ግድግዳ ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጉት፣ ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ላስቲኩ ከግድግዳው በኩል ከረጠበ ውሃው ከአፈሩ ነው የሚመጣው፤ አሸንዳውንና ቱቦውን የሚሠራ ሰው ጥሩ። ወደ ክፍሉ ባለው ፊቱ ከረጠበ ከአየሩ ነው፤ ፋን ግጠሙ። ሁለቱም ፊት ደረቅ ከሆነ የኤሲውን ሻጭ ጥሩት፣ ሲመጣም የውጭ አየር በየት በኩል እንደሚገባ በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።