ካቮ የሌለው ነዳጅ መስጫ

በአሮጌ መኪና ላይ የነዳጅ መስጫ ፔዳል ሥራው ቀላል ነው። ሲረገጥ ካቮ ይስባል፤ ካቮው በካርቡራተሩ ወይም በአየር መግቢያው ላይ ያለውን ክብ ክዳን ይከፍታል፤ እግር ሲነሳ ሞላ ይመልሰዋል። ዛሬ በሚመረቱ ሞተሮች ላይ ግን ካቮ የለም። ፔዳሉ የሚስበው ነገር ስለሌለ እግሩ ምን ያህል እንደወረደ በኤሌክትሪክ ምልክት ለሞተሩ ኮምፒውተር ያስታውቃል። ክዳኑን የሚከፍተው ኮምፒውተሩ የሚያዘው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አሮጌ መኪና አዲስ ሞተር ሲገባለት ታዲያ የካቮው ዘመን ፔዳል ከኮምፒውተሩ ዘመን ሞተር ጋር የሚያገናኘው ነገር ያጣል።

ይህ ችግር በባሕረ ሰላጤው አገሮች የታወቀ የጋራዥ ሥራ ነው። ለምሳሌ በኳታር፣ ሙዓይዘር ከዶሃ በስተምዕራብ፣ በአል ራያን ማዘጋጃ ቤት ሥር ያለ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በስተደቡቡ ጋራዥና መለዋወጫ መሸጫ የሞላበት ኢንዱስትሪያል ኤሪያ አለ፤ ከዚያም ወዲያ፣ ከመሳኢድ አልፎ፣ የሲላይን የአሸዋ ኮረብታዎች እስከ ኾር አል ዑደይድ ድረስ ይዘልቃሉ። በክረምት የሳምንት መጨረሻ እነዚህን ኮረብታዎች ከሚወጡት መኪኖች መካከል ኒሳን ፓትሮል ዋይ 60 እና እሱን የተካው ዋይ 61 በተለየ ይወደዳሉ። ሻንሲያቸው ጠንካራ ነው፤ የመጀመሪያው ሞተር ግን ለረጅም የአሸዋ ዳገት ጉልበት ያንሰዋል ብለው ብዙዎች ያወርዱትና በምትኩ ባለ 8 ሲሊንደሩን የሸቭሮሌት ኤልኤስ ያስገባሉ። ሞተሩን የሚሸከመው ብረት፣ ካምቢዮውን የሚያገናኘው ሳህን፣ ራዲያተሩ ሁሉ አስቀድሞ ይታሰብበታል። ፔዳሉ ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ይቀራል፤ መሆን የነበረበት ግን ሞተሩ ሳይገዛ በፊት ነው።

ኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መስጫ አዲስ ነገር አይደለም። ቢኤምደብሊው ባለ 12 ሲሊንደር በሆነው 750 ላይ በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ተጠቅሞበታል። ጄኔራል ሞተርስ የኤልኤስ ሞተርን በ1997 በኮርቬት ሲያስተዋውቅ ፔዳሉ ያለ ካቮ ነበር፤ በዚያው ዘመን የወጡት የጭነት መኪኖቹ ግን በአብዛኛው እስከ 2002 ድረስ በካቮ ቆይተዋል። ስለዚህ ኤልኤስ የሚለው ስም ብቻውን ለገዢው በቂ መረጃ አይሰጥም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፔዳሉና በሞተሩ ኮምፒውተር መካከል ክዳኑን ብቻ የሚቆጣጠር ሌላ ሳጥን ነበር፤ በኋላ ያ ሳጥን ቀርቶ ሥራው ወደ ኮምፒውተሩ ገባ። የአንዱ ዘመን ፔዳል ከሌላው ዘመን ኮምፒውተር ጋር ሶኬቱ ቢገጥም እንኳ ላይግባባ ይችላል። ፔዳል፣ ኮምፒውተርና ክዳኑን የያዘው ትሮትል ቦዲ እንደ አንድ ዕቃ መታየት አለባቸው። ሞተሩ ከተነቀለበት መኪና ላይ ፔዳሉን ከነሶኬቱና ከነሽቦው አብሮ መውሰድ ሥራውን በግማሽ ያቃልላል፤ በኋላ ለብቻው የሚፈለግ ፔዳል ግን ከዋጋው ይልቅ በሚያጠፋው ጊዜ ይጎዳል።

በፔዳሉ ውስጥ ያሉት ሴንሰሮች ሁለት ናቸው፤ በአንዳንድ የቀድሞ ፔዳሎች ላይ ሦስት ይሆናሉ። በባለ ሁለቱ ላይ እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ 5 ቮልት መመገቢያ፣ የራሱ ማሳና የራሱ የምልክት ሽቦ ስላለው ከሶኬቱ የሚወጡት ሽቦዎች ስድስት ናቸው። በኋለኞቹ የጄኔራል ሞተርስ ፔዳሎች ላይ እግር ሳይነካው አንደኛው ምልክት 1 ቮልት አካባቢ ሲሆን ሁለተኛው የዚያ ግማሽ ነው። ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ የመጀመሪያው ከ4 ቮልት፣ ሁለተኛው ከ2 ቮልት ከፍ ይላል። የቶዮታ ፔዳል ሁለት ምልክቶች ግን በመካከላቸው 0.8 ቮልት ያህል ልዩነት ይዘው አብረው ይወጣሉ። ኮምፒውተሩ ሁለቱን ያለማቋረጥ ያመሳክራል። ልክ እንደ ሁለት ምስክሮች ቃላቸው ካልተስማማ አንዳቸውንም አያምንም፤ ስሕተቱን ፒ2138 በሚል ኮድ ይመዘግብና የሞተሩን ጉልበት ይቀንሳል። የአንዱ ፋብሪካ ፔዳል ለሌላው ፋብሪካ ኮምፒውተር የማይሆንበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ጉልበቱ ሲቀነስ የትሮትል ቦዲው ክዳን በሞላ ኃይል ጥቂት ተከፍቶ ይቆማል፤ መኪናው ከሚኒሞ ብዙም ሳይርቅ እየተንፏቀቀ ወደ ጋራዥ እንዲደርስ ነው። አስፋልት ላይ ይህ ከማስቸገር አያልፍም። የአሸዋ ኮረብታ ወገብ ላይ ከሆነ ግን መኪናው ፍጥነቱን አጥቶ ይሰምጣል፤ ነጂው ደንግጦ መሪውን ወደ ጎን ካዞረ መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ ሽቦው ላይ የሚታየው ትንሽ ቸልተኝነት የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

ከሽቦው በፊት ግን የፔዳሉ መቀመጫ ይቀድማል። አዲሱ ፔዳል ለፓትሮሉ ስላልተሠራ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ላሜራ ላይ ያሉት ቀዳዳዎች አይገጥሙትም። ከወፍራም ላሜራ ማያያዣ ተቆርጦ የፔዳሉ ቀዳዳዎች በአንድ በኩል፣ የመኪናው የመጀመሪያ ቀዳዳዎች በሌላ በኩል ይበሱበታል። ማያያዣው በእጅ ሲገፋ ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ሥራው አልተጠናቀቀም፤ ከኋላው ደጋፊ መበየድ አለበት። የነዳጅ መስጫው ፊት ከፍሬኑ ፊት ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ እግር ከነዳጅ ወደ ፍሬን ሲሄድ እንዳይጠለፍ ነው። በጎን በኩል ደግሞ ሰፊ ጫማ ያደረገ ሰው ፍሬን ሲይዝ ነዳጁን አብሮ እንዳይረግጥ በቂ ክፍተት ይተዋል። ይህን መለካት ያለበት መኪናውን የሚነዳው ሰው ነው፤ በራሱ ወንበር፣ በራሱ ጫማ። የኳታር መኪኖች መሪያቸው በግራ ስለሆነ መሪው በቀኝ ከሆነ የጃፓን መኪና የመጣ ፔዳል ክንዱ በማይመች አቅጣጫ የታጠፈ ሊሆን ይችላል። የፕላስቲክ ክንድ በእሳት አሙቆ ማጠፍ ፈጽሞ አይገባም።

ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ የእግሩን ኃይል የሚቀበል ማቆሚያ ከሥሩ ያስፈልገዋል። ያለዚያ በችኮላ የተረገጠ እግር ኃይሉን ሁሉ በሴንሰሩ ቤት ላይ ያሳርፋል። ምንጣፉም አብሮ ይታሰባል። በነሐሴ 2009 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ሳንዲያጎ አቅራቢያ አንድ ሌክሰስ ኢኤስ 350 ነዳጅ መስጫው ተይዞበት አራት ሰዎች ሞተዋል፤ መኪናው ውስጥ የነበረው ለሌላ ሞዴል የተሠራ የጎማ ምንጣፍ ነበር። የሌክሰስ አምራች ቶዮታ በዚያ ጊዜ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖችን ለጥገና ጠርቷል። ብዙዎች ኤሌክትሮኒክሱን ቢጠረጥሩም የናሳ መሐንዲሶች ያካሄዱትና በየካቲት 2011 ይፋ የሆነው ምርመራ እንዲህ ላለው አደጋ የኤሌክትሮኒክስ መንስኤ አላገኘም። በአሸዋ የሚነዱ ሰዎች ደግሞ ጠርዙ የተነሳ ወፍራም ምንጣፍ ይወዳሉ። ፔዳሉ መፈተሽ ያለበት ይኸው ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ወደፊት እስከሚሄድበት ድረስ ተገፍቶ ነው።

ስድስቱ ሽቦዎች ከፔዳሉ እስከ ኮምፒውተሩ ሳይቀጠሉ ቢደርሱ ይመረጣል። ከሻማ ገመድና ከዲናሞ ሽቦ ርቀው ይሄዳሉ፤ የሴንሰሮቹ ማሳ ወደ ኮምፒውተሩ ይመለሳል እንጂ ባገኘው ብሎን ከሻንሲ ጋር አይታሰርም። በላሜራው ቀዳዳ ሲያልፉ የጎማ ቀለበት ያስፈልጋቸዋል፤ ከጭስ ማውጫው ግለትም መራቅ አለባቸው። በዶሃ በጋ ጥላ ሥር 45 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት በኮፈኑ ውስጥ ያለው ሙቀት የሽቦ ልባስን ቶሎ ያደርቃል።

ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ፍተሻው ይጀመራል። በቴስተር 5 ቮልቱ በሁለቱም መመገቢያዎች ላይ መኖሩ ይታያል። ቀጥሎ ፔዳሉ በእጅ በዝግታ ይወርዳል፤ ሁለቱ ምልክቶች ያለ መዝለል ተከታትለው መውጣት አለባቸው። መሃል ላይ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ዜሮ የሚወድቅ ምልክት ካለ ሶኬቱ ወይም ሴንሰሩ ታሟል፤ ኮዱን በማጥፋት አይድንም። የፍሬን መብራት ሽቦ ከኮምፒውተሩ ጋር መገናኘቱም ይረጋገጣል፤ ነዳጅና ፍሬን አብረው ሲረገጡ ፍሬኑን የሚያስቀድም ኮምፒውተር ይህን መረጃ ካላገኘ ሊረዳ አይችልም። በመጨረሻ ኮምፒውተሩ የክዳኑን ዝግ ቦታና ሚኒሞውን እንዲማር አምራቹ ባዘዘው ቅደም ተከተል ቁልፉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በኳታር ሞተር ለመቀየር የትራፊክ ክፍሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ መኪናው በፋሕስ የቴክኒክ ምርመራ ጣቢያ ሲቀርብም የሞተሩ ቁጥር ከመዝገቡ ጋር መስማማት አለበት።

ፔዳሉን ጨርሶ መግጠም በማይቻልበት መኪና ሌላ መንገድ አለ። በቶዮታ ላንድክሩዘር 100 የመጀመሪያ ዓመታት ላይ ባለ 8 ሲሊንደሩ የቤንዚን ሞተር ፔዳሉ በካቮ ነበር፤ ካቮው ግን የሚስበው በትሮትል ቦዲው ላይ የተቀመጠውን የፔዳል ሴንሰር ነው። በዚሁ ሐሳብ የአሮጌው መኪና ፔዳልና ካቮ ባሉበት ቆይተው በኮፈኑ ሥር ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር የሚስማማ ሴንሰር እንዲስቡ ይደረጋል። ይህ ለኢትዮጵያም የሚጠቅም ዘዴ ነው። በአገሪቱ ገጠር መንገዶች ላይ የሚታዩት ባለ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ላንድክሩዘር ሃርድቶፖች ነዳጅ መስጫቸው የናፍጣውን ፖምፓ በካቮ የሚስብ ነው። ዘመናዊ ኮመንሬል ናፍጣ ሞተር የሚገባላቸው ከሆነ የፔዳሉ ጥያቄ እንደ ፓትሮሉ መነሳቱ አይቀርም። በዚህ ዘዴ ሴንሰሩ ላይ ባለ አንድ ሞላ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው፤ ካቮው አቧራ ጠጥቶ ቢከብድ ወይም አንዱ ሞላ ቢበጠስ ሴንሰሩን ወደ ዜሮ የሚመልስ ሁለተኛ ሞላ መኖር አለበት።