የፒካፕ መኪና ድብቅ አዛዥ፦ ሳጥኑን ከመቀየር በፊት ማወቅ የሚገባው

የአንድ ፒካፕ መኪና ፍሬቻ ሲበራ የዝናብ መጥረጊያው አብሮ ቢነሣ፣ በሮቹ ያለ ትእዛዝ ቢቆለፉ፣ ቁልፉ ተዙሮ ሞተሩ ድምፅ ባያሰማ፣ ጥርጣሬው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በአንድ ሳጥን ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ ቢሲኤም የሚባለው ይህ ክፍል በአብዛኞቹ መኪኖች ከዳሽቦርዱ ሥር ተደብቆ የሚቀመጥ ኮምፒውተር ነው። ሞተሩን የሚመራው ሌላ ኮምፒውተር ሲሆን፣ የቢሲኤም ድርሻ መብራትን፣ ክላክስን፣ የበር ቁልፍን፣ መስኮትን፣ የዝናብ መጥረጊያንና በብዙ ሞዴሎች ላይ የስርቆት መከላከያውን ማስተዳደር ነው።

ሳጥኑን ከቦታው ማውጣት ብዙ ጊዜ የማይወስድ ሥራ ሊሆን ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ጥፋቱ በእርግጥ የእርሱ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ቀጥሎም አዲሱን ሳጥን ከመኪናው ጋር ማስተዋወቅ ነው።

ከብዙ ሽቦ ወደ ሁለት ሽቦ

በሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር የነበረው የፎርድ ፋብሪካ ከ1925 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ተሽከርካሪ ሲያመርት ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 እ.ኤ.አ. የመጨረሻዋን ሬንጀር ፒካፕ አውጥቶ ተዘግቷል። ፋብሪካው ሥራ በጀመረበት ዘመን የመኪና ኤሌክትሪክ ቀላል ነበር፤ ማብሪያው ከአምፖሉ ጋር በራሱ ሽቦ ይገናኛል፣ ሽቦውን በእጅ ተከትሎ ብልሽቱን ማግኘት ይቻላል። መሣሪያዎች ሲበዙ ግን የሽቦው ክብደትና ውስብስብነት የማይቻል ሆነ።

መፍትሔው ከጀርመን መጣ። ቦሽ የተባለው ኩባንያ በ1983 ጀምሮ በ1986 እ.ኤ.አ. በዲትሮይት ይፋ ያደረገው ካን የተሰኘ የመገናኛ ሥርዓት፣ በመኪናው ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች በሁለት የተጠማዘዙ ሽቦዎች ብቻ መልእክት እንዲለዋወጡ አስቻለ። አሜሪካም ከ2008 ሞዴል ጀምሮ በገበያዋ የሚሸጡ አዳዲስ የቤት መኪኖችና ቀላል የጭነት መኪኖች የምርመራ መረጃቸውን በዚሁ ሥርዓት እንዲሰጡ አዘዘች። ዛሬ አሽከርካሪው የፍሬቻውን ማንሻ ሲነካ ለቢሲኤሙ ጥያቄ ያቀርባል እንጂ አምፖሉን በቀጥታ አያበራም።

ብርድ፣ ጨውና የተሳሳተ ጥርጣሬ

በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል መንትያ ከተሞች ይህ ሥርዓት ከባድ ፈተና ይገጥመዋል። በጥር 30 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. በከተሞቹ አውሮፕላን ማረፊያ የተመዘገበው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ ሴልሺየስ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ብርድ የባትሪ ኃይል ከግማሽ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ሞተሩ ግን ዘይቱ ስለሚወፍር ለመነሣት ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። ቁልፉ ሲዞር ቮልቴጁ በእጅጉ ካሽቆለቆለ ኮምፒውተሮቹ ለቅጽበት ሥራቸውን ያቋርጣሉ፣ ያልተበላሸ ክፍል ተበላሽቷል የሚል የስሕተት ኮድም ይመዘግባሉ።

ሁለተኛው ጠላት ጨው ነው። በመንትያ ከተሞች አካባቢ በረዶ ለማቅለጥ በየዓመቱ ከ300,000 ቶን በላይ ጨው በመንገድ ላይ ይበተናል። የጨው ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፣ ብረትንም ይበላል። በፒካፕ መኪና ላይ ቀድመው የሚጎዱት ከሻንሲው ጋር የታሰሩት የማሳ ሽቦዎችና ከኋላ ያለው የተጎታች ሶኬት ናቸው። አንድ የዛገ ማሳ ታዲያ የቢሲኤምን ብልሽት ፍጹም አስመስሎ ሊያሳይ ይችላል።

ለዚህ የታወቀ ምስክር አለ። ጄኔራል ሞተርስ በግንቦት 2014 እ.ኤ.አ. 2.4 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን ለጥገና ጠርቶ ነበር። መኪኖቹ ፒካፕ ሳይሆኑ እንደ ሸቭሮሌ ማሊቡ ያሉ የቤት አውቶሞቢሎች ነበሩ። የፍሬን መብራታቸው ፔዳሉ ሳይረገጥ ይበራ፣ ሲረገጥም ላይበራ ይችል ነበር። ምክንያቱ በቢሲኤሙ የሽቦ መጋጠሚያ ላይ በጥቃቅን ንዝረት የተፈጠረ ዝገት ሆኖ ተገኘ። ጥገናው በዋናነት መጋጠሚያውን አጥብቆ መያዝና ዝገት የሚከላከል ቅባት መቀባት ነበር። ሳጥኑ ራሱ ጤነኛ ነበር።

ሳጥኑ ከመፈታቱ በፊት

በመሆኑም ጥንቁቅ ባለሙያ ምርመራውን ከቀላሉ ይጀምራል። መጀመሪያ ባትሪውንና ፊውዞቹን ይፈትሻል፤ ቀጥሎ ወደ ቢሲኤሙ የሚገባው ኤሌክትሪክ መድረሱንና ማሳው ንጹሕ መሆኑን ይለካል። ከዚያም ባትሪውን አላቅቆ በምርመራ ሶኬቱ 6ኛና 14ኛ ቀዳዳዎች መካከል ያለውን የካን መስመር ይለካል። መስመሩ በሁለቱ ጫፎች ባለ 120 ኦም ተቃዋሚ ስላለው ጤነኛ ንባብ ወደ 60 ኦም ነው። 120 ከተነበበ አንዱ ጫፍ ተቋርጧል፤ ወደ ዜሮ ከቀረበ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል።

ሌላው ምልክት ባትሪን በሌሊት መጨረስ ነው። መኪናው ከቆመ በኋላ ኮምፒውተሮቹ ሲተኙ የሚስበው ኃይል በተለምዶ ከ50 ሚሊአምፔር አይበልጥም። አንድ ኮምፒውተር ሳይተኛ አድሮ 1 አምፔር ቢስብ፣ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ቀን ተኩል ያልቃል፤ በብርድ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ።

መተካትና ማስተዋወቅ

ምርመራው ሳጥኑን ጥፋተኛ ካደረገ የክፍሉ ቁጥር በትክክል ከተጣጣመ አዲስ ጋር ይተካል። የሚቻል ከሆነ የአሮጌው መረጃ አስቀድሞ ይገለበጣል። የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ፣ ለኤርባጉ ደኅንነት ሲባል አምራቹ ያዘዘው ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። አዲሱ ሳጥን ከገባ በኋላ የመኪናው የሻንሲ ቁጥር፣ የተገጠሙለት መሣሪያዎች ዝርዝርና የቁልፎቹ ምስጢራዊ ኮድ ይጫንበታል። በዚህ ጊዜ ቮልቴጁ ከወረደ ጭነቱ ተቋርጦ አዲሱ ሳጥን ሊበላሽ ስለሚችል ባትሪው ከቋሚ የኃይል ምንጭ ጋር ይያያዛል። ከተበተነ መኪና የተገዛ ሳጥን በበኩሉ የሌላ መኪና ማንነት ይዞ ይመጣልና፣ አንዳንድ ሞዴሎች ከነጭራሹ አይቀበሉትም።

የጠባቂው ቁልፍ በማን እጅ ነው?

ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። በ2022 እና በ2023 እ.ኤ.አ. በመንትያ ከተሞቹ የኪያና የሃዩንዳይ መኪኖች ስርቆት ተበራክቶ ነበር፤ ተጋላጭ የሆኑት ሞዴሎች ሞተርን ከቁልፍ ኮድ ጋር የሚያስተሳስር መከላከያ አልነበራቸውም። የግዛቲቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ኪት ኤሊሰንም በ2023 በኩባንያዎቹ ላይ ምርመራ ከፍተዋል።

ሆኖም ሌባን የሚያስቆመው መቆለፊያ የሰፈር መካኒክንም ሊያስቆም ይችላል። የማሳቹሴትስ ግዛት በ2012 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የመኪና ጥገና መብት ሕግ በ2014 በተደረሰ ስምምነት በመላ አሜሪካ ተግባራዊ እንዲሆን አምራቾች ተስማምተዋል። ሚኒሶታ በ2023 ያወጣችውና ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጸናው የዲጂታል ጥገና ሕግ ግን ተሽከርካሪዎችን አያካትትም። ባለንብረቱ አዲሱን ሳጥን ገዝቶ በገዛ እጁ ሊገጥመው ይችላል፤ ሶፍትዌሩና ፈቃዱ ከሌለው ግን መኪናው አይነሣለትም።

ጥያቄው ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። አገሪቱ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የኤሌክትሪክ መኪኖች እየበዙ ነው። እነዚህ መኪኖች ብዙ ኮምፒውተሮችን የያዙ በመሆናቸው፣ መለኪያ መሣሪያ የማንበብ ችሎታና የአምራቹን ሶፍትዌር የማግኘት መብት ለጋራዦች እንደ መፍቻ አስፈላጊ እየሆኑ ነው።